ያልገባው አጠገብ

አናጢው ቅናት የሥራ ፈት በሽታ ይመስለው ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊማር በገባ ሰሞን ግን እሱንም ያዘው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከሥራ መልስ ነው። መምህርቷ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቃል አታስተምርም። ፎቶ አንሺውን፣ «ሥዕል ስታዝዘው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ንገረው» ትለዋለች። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡትን እማማ ፖስታን ደግሞ፣ «ብዙ ያነበበ፣ ከቤቱ ግን ወጥቶ የማያውቅ ጸሐፊ ነው ይበሉት፤ የማያውቀውንም አፉን ሞልቶ ይናገራል» ትላቸዋለች።

ለአናጢው፣ «ሳትለካ አትቁረጥ፤ የምትፈልገውን ሳትለይም አትጠይቀው» አለችው። ወዲያው ገባው። የቁም ሳጥን ንድፍ ሳይቀር ያወጣበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ድርሻው ከሩቅ የምትወረወርለት አንዲት «ጎበዝ!» ሆነች። ወንበሯን ስባ የምትቀመጠው ያልገባው ሰው አጠገብ ነው፤ ያልገባው ደግሞ ዘወትር ፎቶ አንሺው ነው።

«ምን ዓይነት ድንጋይ ራስ ነው!» አለ አናጢው በሹክሹክታ።

«ድንጋዩስ አንተ!» አሉት እማማ ፖስታ። «እሱማ አጠገቡ አስቀምጧት የለም እንዴ?»

ቃሉ ልቡ ገባ። በማግስቱ አናጢው ደነቆረ።

«መምህር፣ አልገባኝም።»

መጥታ ተቀመጠች። አስረዳችው። ደግማ አስረዳችው፤ አሁንም አልገባውም። ክንዷ ክንዱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ እንዴት ይግባው?

«ልጄ፣ ማሽኑ የጻፈልኝን ደብዳቤ እዪልኝ» አሉ እማማ ፖስታ።

«አንዴ ይጠብቁኝ፣ እማማ።»

እማማ መጠበቅ ሰለቻቸውና ላኩት። ተቀባይዋ ለዓመታት ያኮረፏቸው እህታቸው ናቸው። ኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው ሲያነቡት ክው አሉ። «እሑድ እመጣለሁ አልኩ እንዴ እኔ?»

ማሽኑ ከራሱ ጨምሮ ኖሯል። ክፍሉ ሳቀ፤ እማማ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አናጢው ብድግ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ገብቶኝ ነበር።»

መምህርቷ ወንበሯን ከአጠገቡ አነሣች። ያ ከስድብ ባሰበት። ሄዶ እማማ አጠገብ ተንበረከከ። «ማረሚያ እንጻፍ፣ እማማ።»

እማማ ደብዳቤውን ደግመው አነበቡት። «ተወው» አሉ በመጨረሻ። «እሄዳለሁ። አፌ እንቢ ያለኝን ማሽኑ ተናገረልኝ።»

ተማሪዎቹ ሲወጡ መምህርቷ አናጢውን በር ላይ ጠበቀችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሁልጊዜ ፎቶ አንሺው ጋ ነው የምትቀመጪው።»

«ስላልገባው ነዋ!»

«እኔስ ገብቶኝ ምን አተረፍኩ?»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«እሱ አጠገብ ስሆን ትምህርቱ አይጠፋብኝም» አለች ቀስ ብላ። «አንተ አጠገብ ግን... ዛሬ ሁለቴ ምን እንዳስረዳሁህ ጠይቀኝ እስቲ፤ አላውቀውም።»

ፎቶ አንሺው ቦርሳውን አንግቶ በመሃላቸው ሲያልፍ፣ «ደኅና እደሩ» አለ።

«ደኅና እደር፣ ወንድሜ!» አለው አናጢው፤ ከልቡ።