የአሥራ ሁለት ደቂቃ ንፋስ

ታምሲን ሰውን በፊቱ ሳይሆን በባንዲራው ነው የምታውቀው። በዚያ ባሕር ዳርቻ አሸዋው እንደ ኮረብታ ይቆለላል፤ ከወዲያ በኩል የሚወጣው መኪና ከወዲህ ከሚወጣው ጋር ጫፉ ላይ እንዳይላተም፣ ሾፌር ሁሉ ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ሰቅሎ ይነዳል። መኪናው ሳይታይ ባንዲራው ብቅ ይላል። የብሮዲ ባንዲራ ከአሮጌ የዝናብ ልብስ የተቀደደ ቢጫ ጨርቅ ነበር።

እሷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በሥራ ቀን በከተማዋ ዳር ባለች ሱቅ ዓሣና ድንች ትጠብሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አባቷ ትቶት የሄደውን ፒክአፕ አስነስታ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አሸዋ ለብቻዋ ሄዳ ለብቻዋ ትመለሳለች። የምታገኘው ሰው አልነበራትም። ብቸኝነቷን ለምዳዋለች ይሏት ነበር፤ ብቸኝነት ግን ይቻላል እንጂ አይለመድም።

አሸዋ የሚገባ ሰው መኪናው እንዳይሰምጥ ጎማውን አስተንፍሶ ይገባል፤ ሲወጣ አስፋልቱ ጋ ቆሞ መልሶ ይሞላል። ብሮዲን ያገኘችው እዚያ ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ።

«ንፋስ መሙያ ይኖርሻል?»

«አንተ ሳትይዝ ነው አሸዋ የምትገባው? ሱሪም ያለ ቀበቶ ነዋ የምትለብሰው።»

«ተበላሽቶብኝ ነው።»

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሠርተህ ና።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም አላሠራውም፤ ከዚያ በኋላ ባሉትም። የእሷ ማሽን አሮጌ ነው፤ ለአንድ ጎማ ሦስት ደቂቃ፣ ለአራቱ አሥራ ሁለት ይፈጃል። በእነዚያ ደቂቃዎች ብሮዲ አናጢ መሆኑን፣ ወንድም እህት እንደሌለው፣ እንቁላል እንኳ መጥበስ እንደማይችል አወቀች።

«ታም፣ ይሄ ማሽንሽ እኮ ከእኔ የባሰ ይለፈልፋል» ይላታል።

«እሱ እየለፈለፈም ቢሆን ይሠራል።»

ይስቃል። እሷም አቀርቅራ ትስቃለች። ከዚያ ቱቦዋን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ሳምንቱ ሙሉ ዝም ይላል። እነዚህ ደቂቃዎች ይበቁኛል እያለች ራሷን ታታልል ነበር።

አንድ የመስከረም ቅዳሜ ሁለት ጎማ ሞልተው ሦስተኛው ላይ ሳሉ፣

«ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። «ምዕራብ፣ የወርቅ ማዕድን። ሁለት ዓመት።»

እጇ ቱቦው ላይ ቀረ። አባቷም ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ወደዚያው ምዕራብ፣ ለዚያው ሥራ፣ ሁለት ዓመት ብሎ ነበር የሄደው። እናቷ ግሌኒስ ግቢው ውስጥ ሻንጣውን ይዛ ስትለምነው ታምሲን በመስኮት አይታለች። ሰውዬው እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ያን ቀን፣ የሚሄድን ወንድ በሕይወቴ አልለምንም ብላ ማለች።

«ጥሩ ይከፍላሉ ይባላል» አለችው።

«ይከፍላሉ። ግን እስካሁን አትሂድ ያለኝ ሰው የለም። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ሂድ እንጂ።»

አራተኛውን ጎማ ቃል ሳይተነፍሱ ሞሉት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ልክ ነው፣ ሌላም ነገር አይገባም።

ሦስት ቅዳሜ ቢጫው ባንዲራ አልታየም። ታምሲን ሱቅ ውስጥ ዓሣ አሳረረች፣ እጇንም በዘይት ተቃጠለች። የሆነውን ስትነግራት እናቷ ቅባት እየቀባቻት እንዲህ አለቻት፤ «ልጄ፣ እኔ ብቻዬን የቀረሁት ስለለመንኩ አይደለም። ሰውዬው ነው እንዲያ የሆነው። ሁሉ ወንድ አባትሽ አይደለም እኮ።»

በአራተኛው ቅዳሜ ከአሸዋው ጀርባ ቢጫ ጨርቅ ተውለበለበ። ማርሽ ቀይራ ተከተለችው፤ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። «አትሂድ» እያለች ለብቻዋ ትለማመድ ነበር። ጫፉ ላይ ስትደርስ መኪናው ከታች ጉድጓድ ውስጥ እስከ ሆዱ ተቀርቅሯል። ወርዳ ሮጠች። በሩ ተከፈተና ቁምጣ የለበሱ ሽበታም ሽማግሌ ወጡ።

«ተመስገን፣ ሰው መጣ። ይህን ጉድ የገዛሁት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ገና ጠባዩን አላወቅሁትም።»

«የሸጠልዎት ልጅስ?»

«እሱማ በማግስቱ ወደ ምዕራብ በረረ።»

የተቀረቀረ መኪና አይቶ ማለፍ በዚያ አገር ነውር ነው። ስለዚህ ታምሲን አካፋዋን አውጥታ ቆፈረች። ዓይኗ ሲያነባ አሸዋ ገብቶብኝ ነው አለች፤ ሽማግሌውም አላመኑም፣ አልጠየቁምም። ገመድ አስራ ጎትታ አወጣቻቸው። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዷ ቱቦዋን መዘርጋት ጀመረች።

«አትድከሚ የኔ ልጅ፣ መኪናው ውስጥ አለልኝ» ብለው ከኋላው ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ቀይ ማሽን አወጡ። «ደህና ዕቃ ነው፤ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም አለኝ። ግን ከብዙ ወር ወዲህ አንዴም አላስነሣሁትም አለ። ታዲያ ጎማህን በምን ትሞላ ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ቀስ ብዬ› አለኝና ሳቀ።»

አስነሡት። አራቱም ጎማ በአራት ደቂቃ ሞላ። ታምሲን በሰዓቷ ያዘችው።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ የፒክአፑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለብሮዲ ደወለች።

«ታም?»

«ብሮዲ፣ ንፋስ መሙያዬ ተበላሸብኝ።»

«ያ ማሽን አይበላሽም።»

«ያንተም አልተበላሸም ነበር።»

«አየሽው ማለት ነው» አለ።

«አየሁት። ሂድ ያልኩህ ውሸቴን ነው ብሮዲ። እንዳልለምንህ ፈርቼ ነው።»

«መኪናዬን እኮ ሸጬዋለሁ፤ ከዚህ እዚያ ደግሞ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።»

«እኔ መኪና አለኝ። ና አልልህም፣ ሥራህን ሥራ። የምትኖርበት ክፍል ስንት ወንበር አለው?»

«አንድ።»

«ታዲያ አናጢ አይደለህ? ሁለተኛ ወንበር ሥራ።»

እያለቀሰ እንደሆነ ከትንፋሹ አወቀች። ማሽኗን አስነሣች።

«ስልኩን ልዝጋው? ማሽኑ ይጮኽብሃል» አለችው።

«አትዝጊው።»

ስልኩን ጎማው አጠገብ አስቀመጠችው። አሥራ ሁለቱንም ደቂቃ አንድ ቃል ሳይናገር ሲያዳምጥ ቆየ። አራተኛው ሲሞላ ታምሲን ፒክአፑ ላይ ወጣች፤ የባንዲራዋን ዘንግ ነቅላ ከወንበሩ ጀርባ አስተኛችው። ወደ ምዕራብ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባንዲራ አያስፈልግም።