አንዲት ነኝ ያልሁ ዕለት

በእኛ አገር ሰው አይቆጠርም። እናትን «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ቢሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል ናቸው» ትላለች እንጂ አምስት ናቸው፣ ስድስት ናቸው አትልም። ከብትም እንደዚያው ነው። በረት ገብቶ በጣቱ እየጠቆመ የሚቆጥር እንግዳ፣ ሁለተኛ እዚያ ቤት ጠላ አይቀዳለትም። ቁጥር ዓይን ይጠራል፣ ቁጥር ሞትን ያስታውሳል እየተባልን ነው ያደግን። እኔም ይህን ከእናቴ ተቀበልሁ፤ የራሴን ጥርጣሬ ጨምሬ ለመንደሩ ሁሉ አስተማርሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያ ትምህርቴ ያደረሰውን ነው። ስሙኝ፤ ብትሰድቡኝም አልቀየምም።

ንግሥቴ እባላለሁ። ቤቴ ከፍኖተ ሰላም ዝቅ ብሎ ብር ከሚባለው ወንዝ ዳር ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ልጄ ከካሴና ከሚስቱ ከሲሳይነሽ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖር ነበር። ሲሳይነሽ የደምበጫ ልጅ ናት፤ እጇ ሥራ አይፈራ፣ አፏ እውነት አይደብቅ። እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ። ወተት የጎደለ እንደሆን ድመቷን ሳይሆን ጎረቤቴን ነው መጀመሪያ የምጠረጥር። ገበያ ላይ ነጋዴው ፈገግ ካለልኝ፣ ይህ ሰው ምን አጉድሎብኝ ነው ብዬ በርበሬዬን እንደገና አስለካለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፌ አይጠፋም ነበር። ሰዉም ብልህ ናት ይለኝ ነበርና ደስ ይለኝ ነበር።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ እንደገባ፣ የወባ ሰዎች መጡ የሚል ወሬ ከላይኛው መንደር ወረደ። ብረት ዕቃ በጀርባቸው አዝለዋል፣ ከፊታቸው መዝገብ የያዘ ጎልማሳ ይሄዳል አሉ። ዕቃ ያስወጡና ግድግዳውን ዲዲቲ በሚሉት ነጭ ውኃ ይረጩታል፤ ሲወጡ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋሉ።

ቁጥር! ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ መሬት ሊለካ ነው፣ ጢስ የሚወጣበት ጎጆ ሁሉ ተቆጥሮ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ከቡሬ ገበያ እስከ ፍኖተ ሰላም ይናፈስ ነበር። ወዲያው እንስራዬን አዝዬ ምንጭ ወረድሁና ሴቶቹን ሰበሰብኋቸው።

«ለቢንቢ ብሎ ከከተማ ድረስ የሚለፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኋቸው። «ደግሞስ ቢንቢ ለመግደል የበር ቁጥር ምን ይሠራል? ቢንቢዋ ቁጥሯን አንብባ ነው የምትገባ?»

ሳቁ። ጎረቤቴ ጌጥነሽ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ምን ይሻለናል ንግሥቴ?» አለችኝ።

«አሳንሳችሁ ተናገሩ! ስድስት ከሆናችሁ ሁለት በሉ። ያገባ ልጅ አብሮ የሚኖር እንደሆን ደብቁት፤ ሁለት ጢስ ብለው ሁለት ግብር ይጥሉባችኋል። ጓዳችሁን አታስከፍቱ፣ እህላችሁን በዓይናቸው ይሰፍሩታል። የረጩትንም፣ ጀርባቸውን ሲሰጡ በእበት ምረጉት።»

ቤት ገብቼ ይህንኑ ስናገር ሲሳይነሽ እህል ማበጠሯን ተወች። «እማማ፣ እኛ ደምበጫ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ረጭተውልናል» አለች። «በዚያ ምክንያት ግብር የጠየቀን የለም። ንዳዱ ነው የቀነሰ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። መጀመሪያ ያለማምዱሻል፣ ኋላ ይጭኑሻል።»

«እኛስ የት እንግባ?»

«እርሻ ዋሉ። እኔ ባልቴት ነኝ፣ አንዲት ነኝ እላለሁ።»

«እናቴ፣ ሰው እያለ የለም ማለት ደግ አይደለም» አለ ካሴ አንገቱን ደፍቶ። ልጄ ከእኔ ጋር ክርክር አይወድም። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ ማልዶ ወጣ። ሲሳይነሽ ያን ጊዜ ካረገዘች ሦስት ወሯ ነበር።

ባለመዝገቡ ዓለምብርሃን ይባላል። ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ራሱ ጥርጣሬዬን ጨመረው። ቆቡን አውልቆ «እንደምን አደሩ፣ እናቴ?» አለኝ። እናቴ ማለቱን ደግሞ ማን ለመነው አልሁ በሆዴ።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?»

«አንዲት ነኝ።»

«ያኛው መደብ የማን ነው?»

«የእንግዳ።»

«ጓዳውን ቢከፍቱልን? ቢንቢ የምትወደው ጨለማውን ነው።»

«ጓዳዬ ወንድ አይገባበትም!»

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ረጭተው፣ በሩ ላይ ቁጥራቸውን ጽፈው ሄዱ። ተራራውን ሳይሻገሩ ቁጥሩን በአመድ ፈግፍጌ አጠፋሁት። ለእንቁጣጣሽ ቤት መለቅለቅ ልማዳችን ነው፤ እኔ ግን ያን ዓመት በዓሉን አልጠበቅሁም። በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን ዙሪያውን በእበት መረግሁት። እጄን ስታጠብ እንዴት ኮርቼ እንደነበር! መንደሩም ሁሉ እንደ እኔ አደረገ።

ክረምቱ በደኅና አለፈ። መስከረም ላይ ወንዙ ጎድሎ በየጉድጓዱ ውኃ ተኝቶ ቀረ፤ ቢንቢውም በዛ። ጥቅምት ሲገባ ንዳዱ መጣ። መጀመሪያ የጌጥነሽ ባል ወደቀ፣ ከዚያ ከታች ያሉት ቤቶች ተራ በተራ። ከበቆሎ ማሳችን ዝንጀሮ የሚጠብቅ እስኪጠፋ ድረስ ሰዉ አልጋ ያዘ። ካሴ ፀሐይ ላይ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሲሳይነሽ ከምንጭ ስትመለስ በር ላይ ተቀመጠች፤ መነሣት አልቻለችም። ሆዷ ገፍቷል፣ ሰባት ወሯ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ተናገሩ፤ የወባ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ሾላው ሥር ክኒን እያደሉ ነው፣ ሂዱ አሉ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ ቀረሁ። ክኒኑ እርጉዝ ያስወርዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ማን አለ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ክፉ ወሬ ሲሆን የሰማሁበትን አልጠይቅም ነበር። ሁለት ቀን በዚህ ባከነ። በሦስተኛው ቀን ካሴ የሞተ አባቱን በስሙ እየጠራ ሲያወራ ሰማሁና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥሁ።

ሾላው ሥር ያለው ሰልፍ ገበያ ይመስል ነበር። ተራዬ ሲደርስ ዓለምብርሃን ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። በቤቴ በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጠየቀኝ። ጠፍቷል አልሁት። ስሜን ጠይቆ መዝገቡን ገለጠ።

«ወይዘሮ ንግሥቴ። አንድ ሰው» አለና የአንድ ሰው ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ዘረጋልኝ።

«ልጄ፣ የታመሙት ሁለት ናቸው። ልጄና ምራቴ።»

እጁን መለሰ። «አንዲት ነኝ ብለውኝ አልነበረም? በሰኔ አንዲት፣ በጥቅምት ሦስት! እናቴ፣ ትናንት ከዚሁ ሰልፍ ተቀብለው ክኒኑን ገበያ ሲሸጡ የተገኙ አሉ። ማንን ልመን?»

«በገብርኤል ይዤሃለሁ! ሁለቱም ተኝተዋል!»

«መድኃኒቱ የመጣው በዚህ መዝገብ ልክ ነው። መንደራችሁ መቶ ሃያ ሰው ነን ብሎ አስጻፈ። ይኸው ከሦስት መቶ በላይ ለሚሆን ሰው ክኒን እየተጠየቅሁ ነው። ለእርስዎ ሁለት ብሰጥ ከኋላዎ ያለችው ባዶ እጇን ትመለሳለች። ተጨማሪ እንዲላክ ሰው ሰድጃለሁ። እስከዚያው በሽተኛዋን ያምጧት፤ በዓይኔ ካየሁ እንደምንም አላጣም።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ የቆመችው ጌጥነሽ ናት። ሁለት በይ ብዬ የመከርኋት፣ የስድስት ሰው ቤት ያላት ጌጥነሽ። ዓይኗን ከክኒኑ ላይ አልነቀለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስንቱን ስጠረጥር የኖርሁት ሴትዮ፣ እውነት በተናገርሁባት በዚያች ቀን የሚያምነኝ አጣሁ።

ቤት ስደርስ ሁለቱ በሁለት መደብ ተኝተዋል። በእጄ ያለው አንድ ጥቅል ነው። ጎረቤት እንዳልጠራና እንዳላማክር አፈርሁ። ምን ልበላችሁ? ለልጄ ሰጠሁት። ራሱን ደግፌ አስዋጥሁት፤ ምሬቱን እንዳይተፋው አፉን በመዳፌ ያዝሁ። ቀና ስል ሲሳይነሽ ታየኛለች።

«እማማ፣ የእኔስ?»

«አሁን መሽቷል፤ ነገ ስናደርስሽ አይቶ ይሰጥሻል።»

 እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ለእርስዎ ያለዎት አንድ ልጅ ነው» አለችኝ። «ለእኔም ያለኝ አንድ ነው።»

 ውጭ ወጥቼ የመረግሁትን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስሁ።

ሲነጋ በቃሬዛ ልናወጣት ተነሣን። ቃሬዛ አራት ወንድ ይፈልጋል፤ በመንደራችን በእግሩ የቆመ ወንድ ሦስት ብቻ ተገኘ። አራተኛውን ጫፍ ቄስ ሃይለ ሚካኤል በአረጀ ትከሻቸው ያዙት። ወንዙን ስንሻገር ምጥ ያዛት። ከወንዙ ማዶ አንዲት ዋንዛ ሥር አወረድናት፤ ወንዶቹ ራቅ አሉ፣ እኔና ጌጥነሽ በነጠላችን ከለልናት። አዎ፣ ጌጥነሽ የራሷን በሽተኞች ትታ መጥታ ነበር። ልጁ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። እኔ ነኝ የተቀበልሁት፤ እጄ ላይ የአንዲት ዶሮ ያህል እንኳ አልከበደኝም።

ዓለምብርሃን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። ክኒኑን በገዛ እጁ አስዋጣት፣ ሁለት ቀን ከአጠገቧ አልራቀም። ተረፈች። ካሴም ተረፈ። ሕፃኑን ግን ክርስትና ያልተነሣ ነውና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርነው። ስም አልወጣለትም።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሃይለ ሚካኤልን አስፈቅጄ ሰው ፊት ቆምሁ። ዓለምብርሃንም መዝገቡን ይዞ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ነበር።

«አሳንሱ ያልኋችሁ እኔ ነኝ» አልሁ። «ምረጉት ያልኋችሁም እኔ ነኝ። የልጅ ልጄን የገደለው ንዳድ ነው፤ መንገዱን የከፈትሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰው አለ፤ ካሴ፣ ሲሳይነሽ፣ እኔ። ጻፈው ዓለምብርሃን።»

አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ «ግብሩስ? ቁጥር ሞት አይጠራም ወይ?» ብለው አጉረመረሙ።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው «በየቅዳሴው ስማችሁን እየጠራሁ እጸልያለሁ» አሉ። «ስም መጥራት ሞት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ እኔ ሁላችሁንም ፈጅቻችሁ ነበር። ግብር ቢመጣ በግብሩ እንከራከራለን፤ ሽማግሌ እንልካለን፣ አቤት እንላለን። ለሞተ ሰው ግን ወዴት አቤት ይባላል?»

ሰዉ እየተነሣ የቤቱን ሰው ያስጽፍ ጀመር። ጌጥነሽ «ስድስት ነን» ስትል ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ትንሹ ልጇ ገና አልዳነም ነበርና። ከሦስት ቀን በኋላ ተጨማሪው ክኒን በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ልጇ ዳነ። ክኒኑ ያልደረሰላቸው ሌሎች አሉ፤ ስማቸውን እዚህ አላነሣም፣ ቤተሰቦቻቸው እስከ ዛሬ ሰላም ይሉኛል፣ ያም ይከብደኛል።

በሚቀጥለው ሰኔ የወባ ሰዎች ተመልሰው መጡ። ዕቃውን ቀድሜ አውጥቻለሁ፣ ጓዳውንም በገዛ እጄ ከፈትሁ። ዓለምብርሃን ቆቡን አውልቆ እንደ ወጉ ስንት እንደሆንን ጠየቀኝ።

«ሦስት ነን» አልሁ።

እርሳሱን ሲያነሣ ሲሳይነሽ ከበሩ ወጣች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በእኔ ላይ ክፉ ቃል አውጥታ አታውቅም። «ሦስት ነን አይበሉ፣ እማማ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አራት ነበርን ይበሉ።»

ዓለምብርሃን መዝገቡን ዘግቶ ወደ መሬት አየ፤ ለእንዲህ ያለው የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም። እኔም እንዳለችኝ ደግሜ ተናገርሁ።

እናንተ የምትሰሙኝ ሆይ፣ አትጠርጥሩ አልላችሁም። የመጣውን ሰው ማን ላከህ በሉት፣ ምን ልትሠራ ነው በሉት፣ ካልገባችሁ ሟግቱት። ቤታችሁ ያለውን ሰው ግን የለም አትበሉ። እኔ በሰኔ የለም ያልሁትን፣ በጥቅምት አለ ብዬ ማሳመን አቃተኝ።