የመስኮቱ ላስቲኮች

«ወርቄ፣ ሳጥኑ ውስጥ ባለ ቀለም ላስቲክ አልነበረም?»

ኣብሰሎም ወርቅውሃን ይህን የጠየቃት ሮማ፣ ስልክ በሚጠግንበት ሱቁ ውስጥ፣ ያመጣችለትን አሮጌ የቴሌቪዥን ጌም እየፈታ ነው።

«ምን ዓይነት ላስቲክ?» አለች፣ እያወቀች።

«ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። አንዱ ላይ አረንጓዴ የቴኒስ ሜዳ፣ አንዱ ላይ የበረዶ ተራራ የተሳለበት። ይህ ጌም ከሃምሳ ዓመት በፊት ሲሠራ ቀለም አያውቅም ነበር፤ የሚያወጣው ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ላስቲኩን ቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይለጥፍና ይጫወታል። ቶሪኖ ከተማ አዲስ የሚከፈተው የጌም ሙዚየም ማሽኑን ከነላስቲኩ ካመጣሁ ይቀጥረኛል። ጠጋኝ ሆኜ፣ በቋሚ ኮንትራት!»

ቶሪኖ ከሮማ ሩቅ ነው። ወርቅውሃ «አላስታውስም» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ማሽኑን ያመጣችው ራሷ ነበረች። ቤታቸውን የምታጸዳላቸው ሽማግሌ ሲሞቱ ልጆቻቸው «ካንቲናው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጣይው» አሏት። አንዱን ሳጥን ለመጣል ግን አንጀቷ እምቢ አለ። ኤስኲሊኖ ሰፈር ስልክ የሚጠግን፣ አሮጌ ጌም የሚሰበስብ የአስመራ ልጅ አለ ሲሏት ይዛለት ሄደች። ኣብሰሎም ክዳኑን ከፍቶ ማሽኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው፣ እህቴ?»

እህቴ ያላት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ወርቄ» ነው የሚላት።

ላስቲኮቹን ግን ቀድማ አውጥታቸው ነበር። የዕቃ መጠቅለያ መስለዋት፣ ቀለማቸውን ወዳ፣ ፒኜቶ ሰፈር በተከራየችው ቤት መስኮት ላይ መጋረጃ እስክትገዛ ብላ ለጠፈቻቸው። መስታወቱን በሳሙና ውሃ ረጭታ፣ ሥራ ቦታ እንደምታደርገው በጎማ መጥረጊያ አለሰለሰቻቸው። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ለልጇ ለጤናዬ ባነጠፈችው አልጋ ላይ ይወርዳል። ጤናዬ ጎንደር አክስቷ ጋር ናት፤ እናቷ ጋር እንድትመጣ ወረቀቷ ተጀምሯል። «እሱ እስኪያልቅ ቤት እንዳትቀይሪ» ብላታለች የወርቅውሃ ጠበቃ፣ አቮካቶዋ።

ያን ሳምንት ወርቅውሃን ቦታ አልበቃት አለ። የቆሸሸ ውሃ የሞላ ባልዲ ሰው ሳሎን ውስጥ ደፋች። ትራም ላይ ቆማ እያሰበች መውረጃዋ አለፋት፤ ተመልሳ ተሳፍራ እንደገና አለፋት። ዝም ብትል እኮ ኣብሰሎም አይሄድም። ዝም ማለት ደግሞ ሥራ አይደለም፤ ማንም ይችለዋል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሱቁ ሄደች። ኣብሰሎም ወፍራሙን ቴሌቪዥን ከፍቶ አንዱን መጫወቻ አቀበላት። ነጭ ነጥብ ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰች።

«ማን እየመራ ነው? ቁጥር የለውም እንዴ?»

«የለውም። ማሽኑ አይቆጥርም፤ ተጫዋቹ ራሱ ነው የሚቆጥረው።»

«ታዲያ ሰው አያጭበረብርም?»

«ያጭበረብራል እንጂ!» ሳቀ። «ለዚህ ነው ካንቺ ጋር ብቻ የምጫወተው።»

ወርቅውሃ መጫወቻውን አስቀመጠች።

«ተነስ፣ ቤቴ እንሂድ።»

«ቤትሽ? ልጄ ሳትመጣ ወንድ ደጄን አይረግጥም ያልሽው?»

«ዛሬ ይርገጥ!»

ኣብሰሎም መስኮቷ ፊት ቆመ። ቴኒስ ሜዳው ፊቱን አረንጓዴ አደረገው። ወርቅውሃ ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን በጣቱ የላስቲኩን ጫፍ ዳሰሰ።

«ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትሄዳለህ ብዬ ነዋ!»

«ዛሬስ?»

«ልጄ ልትመጣ ነው፣ ኣብሰሎም። ሰው ሰርቄ ባስቀረሁበት ቤት ላሳድጋት?»

ኣብሰሎም አያት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«እንደተለጠፉ ተያቸው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አላየሁም።»

«አይተሃል እኮ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አብረን እንሂድ እንግዲያ! ቶሪኖም ጽዳት አለ፣ ቶሪኖም ትምህርት ቤት አለ።»

«የጤናዬ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቤት ይሄ ነው። ሁለት ዓመት ጠብቃለች። አንድ ቀን እንኳ በኔ ምክንያት አይጨመርባትም።»

«እኔ ልቅር።»

«ቅርና ስንት ዓመት የሰው ስልክ መስታወት ስትቀይር ልይህ? አንድ ቀን ስንጣላ ምን እንደምትለኝ አሁን ይሰማኛል።»

«አልልሽም።»

«አትልም። ታስበዋለህ።»

ሊነቅላቸው በጥፍሩ ጫፉን ያዘ፤ «በደረቁ ይቀደዳል» አለችው። ስለዚህ ወርቅውሃ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ ከጫፍ እያረሰች፣ አንድ በአንድ ራሷ አነሳቻቸው። ኣብሰሎም በመዳፉ እየተቀበለ አልጋው ላይ ዘረጋቸው። ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱም ፈቀቅ አላሉም።

ጤናዬ በጥር ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ስታርፍ የተቀበለቻት እናቷ ብቻ ነበረች። ኣብሰሎም ማሽኑንና ላስቲኮቹን ይዞ በኅዳር ቶሪኖ ሄዷል፤ ወርቅውሃ ሮማ ቀርታለች።