ምራት ማሳ ላይ ውሃ አትጠጣም

የበርበሬ አገር በሆነችው በኩንሪ አካባቢ በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ጆንያ ይሸከማሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይጭናሉ። ከንጋት እስከ ምሽት አጎንብሶ ፍሬ መልቀም ግን የሴት ሥራ ነው፤ የእማማ ዳኒም ወገብ የጎበጠው በዚሁ ሥራ ነው። ሆኖም ለልጃቸው ሚስት ለሊላን መጀመሪያ ያስተማሯት አለቃቀም አልነበረም።

“ማሳ ላይ ውሃ አይጠጣም” አሏት ገና በተዳረች ሰሞን። “የጠጣች ሴት ሽንቷ መምጣቱ አይቀርም። ወንድ በሞላበት ሜዳ ምራቴ መሸሸጊያ ፍለጋ ስትንከራተት ማየት አልፈልግም።”

እውነቱን ለመናገር፣ በእሳቸው የምራትነት ዘመን ሕጉ ይህን ያህል አይከብድም ነበር። በቦዩ ዳር ጥቅጥቅ ያለ የግራር ቁጥቋጦ ስለነበር የጨነቃት ሴት ጎራ ትላለች። የለቀማው ወራት ሲደርስም ሙቀቱ ረገብ ይላል። ዛሬ ግን ቁጥቋጦውን ከፊሉን ድርቁ ጨረሰው፣ የተረፈውን ሰው ለከሰል ቆረጠው። ሙቀቱም ጊዜው ሲያልፍ አልሄድ አለ። ፀሐዩ ሲለወጥ የእማማ ዳኒ ሕግ እንደነበረ ቀረ።

አንድ የለቀማ ቀን ሊላን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የባሏ አባት አባ ጉማን ጆንያ ከሚሸከሙት ጋር ስለነበሩ፣ እንደ ወጉ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትለቅማለች። የጎረቤታቸው የሁርሚ ትዕግሥት አለቀ።

“ዳኒ፣ ልጅቷን ውሃ አጠጫት እንጂ! ልትደርቅብሽ እኮ ነው!”

“የኔ ምራት እንዳንቺ ምራቶች አፏን ከፍታ አትለምንም።”

“አፏማ የት ይታይና! በሻሽ ጠቅልለሽው!”

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ ዳኒ አልሳቁም።

“እኔ ባሏን ቬርሲን አርግዤ ስለቅም ጠብታ አልቀመስኩም። ሞትኩ?”

“ያኔ ፀሐዩ ሌላ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!”

እማማ ዳኒ ወደ ሊላን ዞሩ። “ጠምቶሻል እንዴ?”

“ኧረ አልጠማኝም፣ እማማ።”

“ሰማሽ?” አሉ ለሁርሚ። በምራታቸው ኮሩ።

እኩለ ቀን ሲሆን ሊላን ፍሬውን ትታ ቅጠል ትሸመጥጥ ጀመር። ላቧ ደርቋል። እዚያ የሌለች እህቷን እየጠራች ታወራለች። ወዲያው በረድፎቹ መሃል ተዘረጋች።

“ዓይን ነው! የሰው ዓይን በላብኝ!” ብለው ጮኹ እማማ ዳኒ። ያገሩ ሰው ዓይን ያረፈበትን የሚያክመው በበርበሬ ነው፤ የበርበሬው ጭስ ያላሳለው ዓይን አርፎበታል ይባላል። ቀይ በርበሬ በእፍኛቸው ይዘው በራሷ ዙሪያ አዞሩና እሳት አስለኩሰው ጨመሩት። ጭሱ የቆመውን ሁሉ በሳል አንፈራፈረው። ሊላን ብቻ አላሳለችም።

“ይኸው አላሳላትም! አላልኳችሁም? ዓይን ነው!”

“ራሷን ስታ እንዴት ታስል!” አለች ሁርሚ እየሮጠች። የወንዶቹን እንስራ ነጥቃ መጣች፤ አባ ጉማንና ወንዶቹ ሁሉ እያዩ ሻሹን ከፊቷ ገፈፈችና ውሃውን ደፋችባት። የልጅቷ ገላ እንደ ጋለ ምጣድ ይፋጅ ነበር።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሊላንን አተረፏት። ጽንሱ ግን አልተረፈም።

“ውሃ የጠጣችው መቼ ነው?” ብላ ነርሷ ጠየቀች።

ሊላን ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እማማ ዳኒን ነው። “ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ” አለች በደከመ ድምፅ። “ወንዶቹ ፊት ወደቅሁ። አዋረድኳችሁ።”

እማማ ዳኒን ብትወቅሳቸው፣ ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። የልጅቷን እጅ ይዘው “እኔ ነኝ የበደልኩሽ፣ ልጄ” እያሉ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

በማግሥቱ ከቤት ያለውን የተጣጣፈ ብርድ ልብስ ሁሉ ተሸክመው ማሳው ጥግ ላይ ዋሉ። እንጨት ተክለው ብርድ ልብሶቹን ዙሪያውን ሊጋርዱ ነው።

“ምንድን ነው ይኼ?” አሉ አባ ጉማን።

“የሴቶች ሽንት ቤት። ጉድጓዱን አንተ ቆፍር።”

“አብደሻል? ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ምን ይላል ስንል የልጅ ልጃችንን አጣን። ከእንግዲህ የፈለገውን ይበል!”

አባ ጉማን እያጉረመረሙ ቆፈሩ።

መጋረጃው ቢቆምም ግን ውሃ የነካ የለም። ምራቶቹ አማቶቻቸውን ያያሉ፣ አማቶቻቸው መሬት መሬት ያያሉ። የቆየ እፍረት ብርድ ልብስ ስለተሰቀለ ብቻ አይለቅም። እማማ ዳኒ ይህን ያውቁታል፤ ሊላንን ያንን እፍረት ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና። ስለዚህ እንስራው ዘንድ ሄደው አንድ ጣሳ ሙሉ ቀድተው፣ ወንዶቹ ፊት ቆመው ግጥም አድርገው ጠጡ። ቆየት ብለውም ለቀማቸውን አቁመው ሜዳውን አቋርጠው ወደ መጋረጃው አመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንም እንዳያያቸው ሲሳቀቁ የኖሩት ሴት፣ ማሳው ሁሉ እያያቸው፣ ሳይቸኩሉ ሄዱ።

ሲመለሱ ጣሳውን ሞልተው ከጎረቤት ምራቶች ከሁሉ ታናሽ ለሆነችው ዘረጉላት።

“ጠጪ፣ ልጄ። ፀሐዩን ማዘዝ አንችልም። ይሉኝታውን ግን ያመጣነው እኛው ነን።”

ልጅቷ ሻሿን ከፍ አድርጋ ጠጣች። ከዚያ ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ እንስራውም ባዶ ስለሆነ አባ ጉማን ሌላ ሊቀዱ ሄዱ።