ከጠረጴዛ ሥር

አናጺው አንዲት ፀጉር ሠሪ ፀጉር ቤት መደርደሪያ ሊሰቅል በመጣ ቀን፣ በመስታወቱ እሷን ሲያይ መዶሻው አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ሳቀችበት። እሱም ጣቱን እየጠባ አብሯት ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ።

ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካ የቤት ዕቃ ገበያውን አጥለቀለቀውና የአናጺው ሱቅ ተዘጋ። ኪራዩም አስቤዛውም ከፀጉር ቤቱ ሆነ። እሱ ያበስላል፣ ያጥባል። ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አላወሩም።

ውጭ ሲበሉ ሚስቱ ገንዘቡን ከጠረጴዛ ሥር ታቀብለዋለች፤ እሱ ለአስተናጋጁ ይከፍላል። ያን ጊዜ አንጀቱ ያርራል። «አፍራብኛለች» ይላል በልቡ። ደግነቷን ሲያስብ ደግሞ መናደዱ ራሱ ያናድደዋል። ንዴቱን ድስት ላይ ይወጣዋል፤ ሲያጥብ ጎረቤት ይሰማል።

አንድ እሑድ አባቷን ምግብ ቤት ምሳ ጋበዙ። ሽማግሌው በልተው ሲያበቁ የአማቻቸውን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «ወንድ ልጅ ቤቱን ሲያስተዳድር ደስ ይላል» አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወዲያው የሚስቱ እጅ ከሥር ጉልበቱን ነካው።

አልተቀበላትም።

«አባባ፣ የምትከፍለው ልጅዎ ናት» አለ። «የዛሬን ብቻ አይደለም... ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ ፊቷ ደም መስሎ ከፈለች። አባቷን ታክሲ አሳፍረው ሁለቱ በእግር ወደ ቤት አቀኑ።

«ለምን አዋረድከኝ?»

«አንቺ አይደለሽ የምታፍሪብኝ?»

«እኔ?» ቀጥ ብላ ቆመች። «አንተ እንዳይከፋህ ብዬ እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ቆሜ ለፍቼ፣ እንደ ሌባ ደብቄ መስጠት ደስ የሚለኝ መሰለህ? አንድ ቀን እንኳ ‹እጅሽ ይባረክ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ካመሰገነ ሥራ መፍታቱ የሚጸናበት መስሎት፣ አፉን ለጉሞ ነበር የከረመው።

«ከፍቶኛል» አለ፣ እልሁ ገና ሳይበርድ። «ነገም ይከፋኝ ይሆናል። ግን... እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እመቤት።»

እንባዋ ወረደ። ክንዱን ያዘችና ተደገፈችው።

«አባባ እኮ አሁን ሳምንቱን ሙሉ ሲደውል ነው የሚሰነብተው» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ይደውሉ» አላት። «የማነሳው እኔ ነኝ።»