በቅርጫት የወረደ ቂም

ዱሪያ ቡችላዋን ከመንገድ ያነሣቻት አዝናላት አልነበረም። ያነሣቻት ለሦስተኛው ፎቅ ጎረቤቷ ለሙእተዝ ነው፤ እንዲወዳት፣ ከወደዳትም በኋላ እንዲያጣት።

በእስክንድርያ በብርዱ ወራት ከባሕር የሚነሣ ወጀብ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ቡንዱቅ የተገደለው «መጥረጊያው» የሚሉት ወጀብ ባለፈ ማግስት፣ በማለዳ ነበር። ቡንዱቅ የአባቷ ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ የሰፈር ዘር። አባቷ አልጋ ላይ በዋሉባቸው ወራት ከእግራቸው ሥር አልተነሣም። እርሳቸው ከሞቱ በኋላም በዚያ በአምስተኛው ፎቅ ቤት ከእርሷ ጋር የሚተነፍስ ሌላ ፍጥረት አልነበረም።

ያን ዕለት የአንገት ማሰሪያው ርሶ ስለ ነበር እንዲደርቅ አውልቃ ሰቀለችው። ነፋሱ በሩን ከፈተ፤ ውሻው ብቻውን ደረጃውን ወረደ። የማዘጋጃ ቤቱ የውሻ ገዳዮች መኪና ከታች ቆሞ ነበር። ተኩሱን የሰማችው ፊቷን እየታጠበች ሳለ ነው።

የሆነውን የነገረቻት የዘበኛው ሚስት ኡም ረገብ ነበረች።

«ባለጠመንጃው ‹የማን ነው?› ብሎ ጠየቀ። ኡስታዝ ሙእተዝ እዚያው በሩ ላይ ቆሟል። ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹አላውቅም!› ደረጃ ለደረጃ ሲተላለፈው የኖረውን ውሻ! እኔ ባልዲዬን ጥዬ እስክደርስ አለቀ። ምላሱን ይቁረጠው፣ ልጄ።»

ዱሪያ አላለቀሰችም። ማሰሪያውን ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችውና፣ በየጠዋቱ ስትወጣ እያየችው ወጣች።

ሥራዋ መነጽር ቤት ነው፤ ሰው ማየት የሚሳነው ከየት ጀምሮ እንደሆነ መለካት ታውቅበታለች። ሙእተዝንም በዚያው ትዕግሥት ለካችው። አክስቱ ሐጃ ተፊዳ ናቸው ያሳደጉት፤ አሁንም አብረው ይኖራሉ። የከሰዓት ፈረቃ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ዝምተኛ ነው። ከእርሷ ጋር ሲተላለፍ ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ሰላም ለጎረቤታችን» ይላል እንጂ ስሟን ጠርቶት አያውቅም። ስሜን እንኳ የሚጠየፍ ሰው፣ ብላ ይህንንም በልቧ ጨመረችበት።

ጸደይ ሲገባ ጊዜው ደረሰ። በሰፈሩ እንዳለ ቤት ሁሉ ዱሪያም ከበረንዳዋ በገመድ የምታወርደው ቅርጫት አላት፤ ከታች ያለው ባለ ሱቅ ዳቦና አይብ ያስቀምጥላታል፣ እርሷ ትስባለች። አንድ ጠዋት ግን ቅርጫቱ ባዶውን አልወረደም፤ ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስም ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሙእተዝ።

ዱሪያ ከላይ ጎንበስ አለች። «ሲምሲማ ትባላለች። ሥራ ስሄድ ታለቅሳለች። ጩኸቷ ጸሎታቸውን እንደሚረብሻቸው አክስትዎ ለኡም ረገብ ነግረዋታል። እስከ ቀትር እርስዎ ዘንድ ብትውል አትጮኽም።»

«እኔ ዘንድ?»

«ገመዱ እጄን እየቆረጠኝ ነው፣ ኡስታዝ።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያች ማለዳ ወዲህ ፊት ለፊት ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ዐይኑ ውስጥ ያገኘችውን ነገር አልወደደችውም፤ ፍርሃት ብትለው ይቀላት ነበር፣ ፍርሃት ግን አልነበረም። ሁለት እጆቹን ወደ ቅርጫቱ ሰደደ።

«ምንድን ነው የተቀበልከው?» አሉ ሐጃ ተፊዳ ከውስጥ።

«ዳቦ ነው፣ አክስቴ።»

ዳቦው ጮኸ።

ሲምሲማ አብረዋት ለመኖር የምትመች ፍጥረት አልነበረችም። በመጀመሪያው ሳምንት የሐጃ ተፊዳን የመስገጃ ነጠላ ጫማ፣ ግራውን ብቻ፣ በላችው። የጋዝ ሲሊንደር ሻጩ ብረቱን እየቀጠቀጠ ባለፈ ቁጥር ለአንድ ሰፈር የሚበቃ ጩኸት ትጮኻለች። ዝናብ ከጣለ አትወጣም፤ ጉዳይዋንም ምንጣፍ ላይ ትጨርሳለች። ሙእተዝ ትምህርት ቤት የሚሄደው ጥቁር ሱሪው በነጭ ጠጉር ተሸፍኖ ነበር፤ ተማሪዎቹም ሲገባ ከኋላ ወንበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ውሻ ይጮኹለት ጀመር።

ደግሞ ከሥራ ወንበሩ ሥር ተኝታ በሕልሟ እግሮቿን ስታራውጥ፣ መጽሐፉን አስቀምጦ ያያታል። ጠዋት ወጣ ብሎ ሲመለስ ቁልፉን ገና ሳያዞር ከበሩ ወዲያ ጅራቷ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማዋል። በዚያ ቤት ማንም ሰው ሲጠብቀው እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

የሐጃ ተፊዳ ሕግ ግን የማይሻር ነበር፤ ውሻ የላሰው ሳህን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። አፈሩ የሚዘገነው በደጃፉ ካለው የበሶብላ ማሰሮ ነው። ወር ሳይሞላ የበሶብላው ሥር ወጣ።

«መላእክቱ ጥለውን ሄዱ» አሉ ሐጃ ተፊዳ ደረጃው ላይ ዱሪያን አስቁመው፤ «አሁን ደግሞ በሶብላዬ ሊከተላቸው ነው! አንቺ የሙስጠፋ ልጅ፣ ቢያንስ አፈር አምጪ!»

ዱሪያ አፈር አመጣች። የበቀል ወጪ ነው ብላ አሰበች።

ለጸደይ በዓል ሐጃ ተፊዳ ያስቀመጡትን በጨው የዋለ ዓሣ ሲምሲማ ከነወረቀቱ ጨረሰችው። ዱሪያ ስትደርስ ሙእተዝ በረንዳው ወለል ላይ ተቀምጧል፤ የቡችላዋ ራስ ጉልበቱ ላይ ነው፤ በማንኪያ ውሃ ያጠጣታል። የእንስሳት ሐኪሙ አይቷት ሄዷል፤ የቀረው መጠበቅ ነበር። ዱሪያ ከወዲያ በኩል ተቀመጠች። የሁለቱም እጆች የተነፋውን ትንሽ ሆድ ያሹ ነበር፤ ተነካኩ፤ ማንም አላነሣም።

«ብትሞትስ?» አለ ሙእተዝ። «እኔ ይህን ሁለተኛ ጊዜ አልችለውም።»

ሁለተኛ? የመጀመሪያው የማን ኖሯል? ጥያቄው ምላሷ ላይ መጣ፣ ዋጠችው። ቂምን የሚጠብቅ ሰው አይጠይቅም፤ መልሱ ቂሙን ሊያሳንስበት ይችላልና።

ሲምሲማ ወደ ማታ ጅራቷን አነቃነቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ «እርስዎ» መባባል ቀረ።

በበጋው ቡችላዋ ከቅርጫቱ አለፈች፤ በደረጃ ማድረስና በደረጃ መውሰድ ግድ ሆነ። ቅርጫቱ ግን መመላለሱን አልተወም፤ ዱሪያ ዳቦ ልትስብ ባወረደችው ጊዜ ሁሉ አንድ ፍሬ ዘይቱን ወይም ብርቱካን ይዞ ይወጣል። ስላላየቻቸው ወንዞች ይነግራታል። ራሱ ሳያውቀው ለማየት ጨፈን ስለሚያደርጋቸው ዐይኖቹ ትነግረዋለች። አንድ ቀን መነጽር ሠርታ አመጣችለት፤ አድርጎት ፊቷን ረጅም ጊዜ አየ።

«ምነው?» አለች።

«ምንም። እስከ ዛሬ በግምት ነበር።»

በየሳምንቱ «አሁን ይዣት ልሂድ» ትላለች፤ በየሳምንቱም «ገና ነው፣ ጥቂት ይውደዳት» እያለች ትተወዋለች። አንድ ጠዋት ቅርጫቱ ያለ ብርቱካን ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ከፋት። ማታ ቤት ስትገባ ከበሩ ጀርባ ያለውን ማሰሪያ አየች። በራሷ ላይ እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም። ዱምያት ከተማ ላለው ወንድሟ ደወለች፤ «መጥረጊያው ባለፈ ማግስት እመጣለሁ» አለችው። ቀኑን አስባበት ነበር የመረጠችው።

ወጀቡ መጣ፣ ጠረገ፣ አለፈ። በማለዳ ሻንጣዋን ይዛ ስትወርድ ሙእተዝ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አገኛት። ሲምሲማ እንደ ወትሮው ዘላ ተጠመጠመችበት።

«ወዴት ነው?»

«ዱምያት። አንመለስም።»

«እሷም?»

«እሷም። አንገቷ ላይ ያለውን ታውቀዋለህ?»

አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። «የቡንዱቅ ነው።»

«‹የማን ነው?› ሲሉህ ግን አላወቅከውም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለዚህ ነው ያወረድኩልህ። ጠዋት ተነሥተህ ጆሮህን ስትጥል ቤቱ ዝም እንዲልህ። እኔ ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ዝምታ ያንተም ጆሮ እንዲሰማው።»

ሙእተዝ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ከበሩ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ሞልቶ ነበር» አለ። «ባለጠመንጃው እየሳቀ ‹የየትኛዋ ቆንጆ ነው? ስሟን ንገረንና ወጥተን እንጠይቃት› አለ። ሁሉም ሳቀ። ብቻሽን እንደምትኖሪ ማን የማያውቅ አለ? ስምሽን እዚያ መሀል ልጣለው? እኔ የእናቴን ስም እንኳ በመንገድ ጠርቼ አላውቅም። ‹አላውቅም› አልኩና አንገቱን ይዤ ላስገባው እጄን ዘረጋሁ። ማሰሪያ አልነበረውም።»

ልማዱን ታውቀዋለች። አባቷም ከመንገድ ሆነው እናቷን ሲፈልጉ የሚጣሩት የወንድሟን ስም ነበር። ስለምታውቀውም ነው ይበልጥ የነደዳት።

«ስሜ ቢጠራ ይሞት ነበር?»

«እ?»

«ስሜ። ቢጠራ ይሞት ነበር ወይ? ቡንዱቅ ግን ሞተ። ‹የኔ ነው› ማለትስ አቃተህ?»

«ያን ዕለት አልመጣልኝም» አለ። «ከዚያ ወዲህ ያልመጣልኝ ቀን የለም።»

ሻንጣዋን አነሣችና ወረደች።

ታክሲው ከትራሙ ሐዲድ ማዶ ቆሟል። ዱሪያ ሻንጣውን ስታነሣ ሲምሲማ ወደ ኋላ ሳበች። ማሰሪያው ለትልቅ ውሻ የተሰፋ ነበር፤ ራሷ ሾልኮ ወጣ፤ ዱሪያ እጅ ላይ ባዶው ቀረ። ውሻዋ ሐዲዱን አቋርጣ ወደ ሕንፃው በር፣ ተከትሏቸው ወርዶ እዚያ ወደ ቆመው ወደ ሙእተዝ ሮጠች።

የውሻ ገዳዮቹ መኪና በዚያው ቅጽበት ከማዕዘኑ ታጠፈ። ያው መኪና፣ ያው ጠመንጃ።

«የማን ናት?» አለ የወረደው ሰውዬ። «አንገቷ ባዶ ነው።»

ዱሪያ ጮኸች። ትራሙ በመካከላቸው ገባና ጩኸቷን ዋጠው። ሠረገላ ሠረገላን ተከትሎ ሲያልፍ ማሰሪያውን ጨምድዳ ተኩሱን ጠበቀች። የሰማችው ግን ተኩስ አልነበረም፤ ከብረቱ ግጭት በላይ የሚጮህ የሰው ድምፅ ነው።

«የዱሪያ ናት! የዱሪያ ሙስጠፋ! አምስተኛ ፎቅ! ሰማችሁ? የዱሪያም የኔም ናት!»

ትራሙ ሲያልፍ ሙእተዝ በቤት ልብሱ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ውሻዋን አቅፎ ነበር። በሻይ ቤቱ የዶሚኖ ተጫዋቾቹ እጅ አየር ላይ ቀርቷል።

«እሺ ይሁን፣ ገባን!» አለ ባለጠመንጃው ወደ መኪናው እየተመለሰ። «ሰፈሩ ሁሉ ገባው።»

«አንተ ልጅ!» አሉ ሐጃ ተፊዳ ከበረንዳቸው። «የሰው ሴት ልጅ ስም በአደባባይ! ምን ነካህ?»

ኡም ረገብ ባልዲዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ሐጃ፣ ጫማዎን ያድርጉ! በመንገድ የጮኸ በደጅ መጥቶ ለጋብቻ ይጠይቃል። ግራው ተበልቶ እንደሆን የኔን እሰጥዎታለሁ!»

ዱሪያ ሐዲዱን ተሻገረች። ሙእተዝ ቀና አለ፤ መነጽሩ በጭቃ ተሸፍኗል።

«ስምሽን…» አለ፤ «ሌላ መላ አጣሁ።»

«አልሰማሁም» አለች ዱሪያ።

«እ?»

«ትራሙ ነበር። አልሰማሁም። ድገመው።»

ወደ ሻይ ቤቱ አየ፤ ወደ አክስቱ አየ፤ ወደ እርሷ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና ደገመው። ሲምሲማም አጀበችው።

ሐጃ ተፊዳ በዚያው ሳምንት የዱሪያን ወንድም ለማነጋገር ዱምያት ወረዱ። ሠርጉ ለጸደይ ሆነ። ሳህኖቹ ዛሬም ሰባት ጊዜ ይታጠባሉ፤ አፈሩን የሚያመጣው ሙእተዝ ነው።

በየዓመቱ «መጥረጊያው» ባለፈ ማግስት፣ ሻይ ሳይቀርብለት በፊት፣ ሙእተዝ በረንዳው ላይ ወጥቶ የሚስቱን ስም ወደ መንገዱ ይጮኻል። አንዳንድ ዓመት ድምፁ ይዘጋበታል፤ ዱሪያ ግን አትምረውም፤ እስኪሰማ ድረስ ታስደግመዋለች።

«አሁንስ ይቅር አልሽው?» ትላታለች ኡም ረገብ ከታች።

«ገና ነኝ» ትላለች ዱሪያ።

ከዚያ የቡንዱቅን ማሰሪያ ከሚስማሩ ታወርዳለች፣ አቧራውን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ መልሳም ትሰቅለዋለች፤ ሻዩንም ራሷ ይዛለት ትወጣለች።