በሹራብ የተጠቀለለ አደራ

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ዜማ ማስተማር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በጎንደር ከተማ ቀሐ አካባቢ ካለው ደብራቸው እስከ ጠዳ ድረስ፣ እሳቸው ያላቃኑት ድምፅ ጥቂት ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ጆሯቸው ከዳቸው። ተማሪው ዜማ ሲስት ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፉት ጀመር። ተማሪዎቹም አፍረው ዝም ይላሉ። ነገሩን ከሁሉ ቀድማ የተረዳችው ልጃቸው ይመኙሽ ነበረች።

ይመኙሽ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ መምህርት ናት። አምና ለሁለት ወር ሥልጠና ወደ ህንድ እንደምትሄድ ሲነገራት መጀመሪያ ያሰበችው አባቷን ነው። ሐኪም ዘንድ ወስዳ አስመረመረቻቸው፤ ለጆሯቸው የሚስማማውን የመስማት አጋዥ መሣሪያ የሚገልጸውን ወረቀትም ከፓስፖርቷ ጋር አኖረች።

መንገዷ ሲቃረብ ጎረቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ መጡ። ፒያሳ የስልክ ሱቅ አላቸው። ይመኙሽ እናቷን በልጅነቷ ስታጣ ጠጉሯን እየሠሩ፣ ደብተሯን እየገዙ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ይመኙ፣ ስምንት ስልክ ብቻ ታመጭልኛለሽ» አሏት።

«ጉምሩኩስ፣ እትዬ?»

«በልብስሽ መጠቅለል ነዋ! ሁሉም የሚያደርገው ነው። ደግሞ አንቺን የመሰለች መምህርት ማን ይፈትሻል?»

ይመኙሽ «አይሆንም» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ይሉኝታው ግን አሸነፋት። «እሺ» አለች።

የአባቷን መሣሪያና ስልኮቹን ህንድ ገዝታ ስትመለስ፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ ጠየቀቻት። «የሚያስመዘግቡት ዕቃ አለ?»

«የለም፤ ልብስ ብቻ ነው።»

ሻንጣው በመፈተሻ ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ሁሉም ነገር ታየ። ስልኮቹ በወፍራም ሹራብ ተጠቅልለዋል። ይመኙሽ እንዳይሰበር ብላ የአባቷንም መሣሪያ በዚያው ሹራብ ውስጥ ሸጉጣው ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ነው። ጆሯቸው አይሰማም። የሐኪም ወረቀትም አለኝ፤ ይኸው።»

ሠራተኛዋ ወረቀቱን አንብባ ቀና አለች። «እህቴ፣ ይህን አስቀድመው ቢያሳዩኝ ኖሮ ምን ነበረበት? አሁን ‹ልብስ ብቻ ነው› ካሉኝ በኋላ የትኛውን ልመንዎት?»

ዕቃው እስኪጣራ ድረስ ሁሉም ተያዘ። ይመኙሽ ዕቃው መያዙን የሚገልጸውን ወረቀት ብቻ ይዛ ወደ ጎንደር በረረች።

ቤት ስትደርስ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቧል። ወይዘሮ የትነበርሽም አሉ። መሪጌታ የልጃቸውን ፊት አይተው «ምነው ልጄ?» አሉ።

«መሣሪያው ጉምሩክ ቀረ» አለች በለሆሳስ።

«ማን ቀረ?»

«መሣሪያው! ጉምሩክ ቀረ!»

«ምን አድርገሽ?»

«ሰዎቹ ክፉ ናቸው» ለማለት ቃጥቷት ነበር። አልቻለችም። «ዋሸሁ» አለች ቀስ ብላ። መሪጌታ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ተጠጉ። ያን ጊዜ እንባዋ እየወረደ ጮኸች። «ዋሸሁ፣ አባየ! ስልክ ደብቄ ‹ልብስ ብቻ ነው› አልኩ!»

ጩኸቷ በቤቱ ላለው ሁሉ ተሰማ። አጥሩን ተሻግሮም ሳይሰማ አልቀረም። መሪጌታ ግን ልጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው በለዘበ ድምፅ «እዚህ እንዲህ ጮኸሽ የተናገርሽውን እውነት፣ እዚያ በቀስታ ብትናገሪው ምን ነበረበት?» አሏት።

«መሪጌታ፣ ቀረጡ እኮ በዝቶ ነው!» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ ጮክ ብለው። «ሰው ወዶ ይደብቃል?»

«ቀረጡ ከበዛ በአደባባይ ‹በዛ› ይባላል እንጂ በሹራብ አይጠቀለልም፣ የትነበርሽ።»

በዚያው ሳምንት የደብሩ ተማሪ ምስጋናው ዜማውን ጨርሶ፣ ተፈትኖ የሚያስመሰክርበት ቀን ነበር። መሪጌታ በመሣሪያው ሊያዳምጡት ተስፋ አድርገው ነበርና ፈታኝነቱን ለሌላ መምህር ለቀቁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው፣ ያሳደጉትን ተማሪ ከንፈር ብቻ ሲመለከቱ ዋሉ። ወይዘሮ የትነበርሽ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ይህን አዩ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጉባኤው ሳያልቅ ወጡ።

በማግስቱ በማለዳ የይመኙሽን በር አንኳኩ። «ተነሽ፣ አዲስ አበባ እንሂድ። ስልኮቹ የኔ መሆናቸውን እኔው በአፌ እናገራለሁ። አንቺን ያስዋሸሁ እኔ ነኝ።»

አብረው ሄዱ፤ ሁለቱም ጥፋታቸውን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ስልኮቹ ተወረሱ። መሣሪያው ግን የሐኪሙ ወረቀት ተመርምሮ፣ ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ተለቀቀ። መሪጌታ ጆሯቸው ላይ አድርገው የይመኙሽን ድምፅ ሲሰሙ «ድምፅሽ የእናትሽን መስሏል፤ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉና አለቀሱ። ምስጋናውም በራሱ ፈቃድ ተመልሶ ዜማውን ከፊታቸው አዜመ። ሁለት ቦታ አረሙት።

ወገኖቼ፣ የምንወደው ሰው ወደ ውጭ ሲሄድ የምንጭንበት አደራ ብዙ ነው። አደራ የሚያስዋሽ ከሆነ ግን ፍቅር መሆኑ ይቀራል። መንገደኛም የያዘውን ዕቃ በግልጽ ቢያሳይ፣ የሚከፈለውን ቢከፍል፣ የሕክምና ዕቃም ከሆነ ወረቀቱን ቢያስቀድም፣ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

በቅርቡ ልዕልት የምትባል የሰፈሩ ልጅ ወደ ዱባይ ልትሄድ ስትል ወይዘሮ የትነበርሽን ልትሰናበት ወደ ሱቃቸው ጎራ ብላ ነበር። «እትዬ፣ ምን ላምጣልዎት?» ስትላቸው፣ ወይዘሮ የትነበርሽ ግንባሯን ሳሟት።

«ምንም። ደብቀሽ አምጪ የሚልሽን ሁሉ እምቢ በይው። ነገ ልቤ ወደ ድሮው ተመልሶ ‹አምጪልኝ› ብዬ ብደውልልሽ፣ እኔንም።»